ኢዮ ለምን ገጠመች? የጁፒተርን ጨረቃዎች ቦታ ስለ ማስላት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች፣ ማለትም የኢዮን፣ የዩሮፓን፣ የጋኒሜድንና የካሊስቶን ቦታ የሚያሰላ ትንሽ የኮምፒውተር ፕሮግራም ጽፈዋል። የእያንዳንዷን ጨረቃ አማካይ ርቀትና የጁፒተርን የስበት መለኪያ የጨረቃን ርቀት ከዙር ጊዜዋ ጋር በሚያገናኘው በኬፕለር ሦስተኛ ሕግ ውስጥ አስገብተው የዙር ጊዜዋን አውጥተዋል። ከዚያም ጁፒተር ከፀሐይ ትይዩ በነበረበት፣ ማለትም ምድር በሁለቱ መካከል በሆነችበት፣ በኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በቴሌስኮፕ ያዩትን አቀማመጥ መነሻ አደረጉ። ጁፒተር እንደገና ትይዩ በሆነበት በጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያነጻጽሩ ኢዮ በቦታዋ ተገኘች፤ ዩሮፓ 24፣ ጋኒሜድ 32፣ ካሊስቶ ደግሞ 33 ዲግሪ ያህል በፕሮግራሙ ላይ ከእውነተኛ ቦታቸው ቀድመው ሄደዋል። ጥያቄያቸውም «ኢዮ ስለገጠመች የስሌቱ መሠረት ትክክል ነው፤ ታዲያ በሌሎቹ ላይ የጎደለኝ ጨረቃዎቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ይሆን? ኬፕለርን ትቼ የኒውተንን ሕግ ደረጃ በደረጃ ላስላ?» የሚል ነው።

መልሴ ኢዮም አልገጠመችም የሚል ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ሁለት ስሕተቶች አሉ፤ አንዱ ጨረቃዎቹን ወደ ኋላ ያስቀራል፣ ሌላው ወደ ፊት ይገፋል። በኢዮ ላይ ሁለቱ በአጋጣሚ እኩል ሊሆኑ ትንሽ ስለቀራቸው ተጣፉ፤ በሌሎቹ ሦስት ላይ ግን የመጀመሪያው ስሕተት ትንሽ ስለሆነ ሁለተኛው ገንኖ ታየ። የእርስ በርስ መሳሳቡ እርግጥ ነው፣ ነገር ግን ለጠየቁት 24 እና 33 ዲግሪ ምክንያቱ እሱ አይደለም። ስለዚህ ወደ ኒውተን ከመዝለልዎ በፊት ሁለቱን ስሕተቶች አንድ በአንድ እናውጣቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት የዙር ጊዜውን ከርቀቱ ማስላትዎ ነው። የኢዮን ስሌት ከእርስዎ ጋር ልድገመው። አማካይ ርቀቷ በየሠንጠረዡ 421,800 ኪሎ ሜትር ተብሎ ይጻፋል። የጁፒተር የስበት መለኪያ፣ ማለትም የስበት ቋሚ ቁጥር በጁፒተር መጠነ ቁስ ተባዝቶ የሚሰጠው ውጤት፣ በኪሎ ሜትርና በሰከንድ ሲለካ 126,686,534 ነው። የርቀቱን ኩብ ለዚህ ቁጥር ስናካፍልና የካሬ ሥሩን ስንወስድ 24,338.55 እናገኛለን፤ ይህን በሁለት ፓይ ስናባዛው 152,924 ሰከንድ ይሆናል። በምልከታ የታወቀው የኢዮ የዙር ጊዜ ግን 1 ቀን ከ18 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ከ33.5 ሰከንድ፣ ማለትም 152,853.5 ሰከንድ ነው። ልዩነቱ 70 ሰከንድ ብቻ ስለሆነ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ ለሚፈጅ ዙር ከቁም ነገር የሚገባ አይመስልም። ነገር ግን ኢዮ በሁለቱ ምሽቶችዎ መካከል ባለፉት 399 ቀናት ውስጥ 225 ጊዜ ተኩል ዞራለች፤ 70 ሰከንዱ በየዙሩ ሲደመር ከ4 ሰዓት በላይ ይሆናል፣ ኢዮ ደግሞ በአንድ ሰዓት 8.5 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ ፕሮግራምዎ 37 ዲግሪ ወደ ኋላ አስቀርቷታል።

እነዚህ 70 ሰከንዶች ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። ጁፒተር ድቡልቡል አይደለም። በ10 ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በራሱ ዛቢያ ላይ ስለሚሽከረከር በወገቡ ተለጥጧል፤ ከማዕከሉ እስከ ወገቡ 71,492 ኪሎ ሜትር ሲሆን እስከ ዋልታው ግን 66,854 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። በወገቡ ዙሪያ የተከማቸው ተጨማሪ ቁስ በወገቡ ትይዩ የምትዞረውን ጨረቃ፣ ቁሱ ሁሉ በማዕከሉ ላይ ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮ ከሚስባት ትንሽ አብልጦ ይስባታል፣ ጨረቃዋም በዚያው ርቀት ላይ ሆና ትንሽ ፈጥና ትዞራለች። የዚህን ጠፍጣፋነት መጠን የሚገልጸው ቁጥር ለጁፒተር 0.0147 ያህል ነው። በዚህ ቁጥር ላይ የጁፒተርን የወገብ ራዲየስ ለኢዮ ርቀት አካፍለን፣ ውጤቱን በራሱ አባዝተን፣ እንደገና በሦስት አራተኛ ብናባዛው ከ10,000 እጅ 3.2 ያህል ይመጣል፤ ይህም ከኢዮ ዙር 48 ሰከንድ ይቀንሳል። የቀሩት 22 ሰከንዶች የመጡት 421,800 ከሚለው ቁጥር ራሱ ነው። ይህ ቁጥር ወደ መቶ ቤት የተጠጋጋ ነው፤ ከእውነተኛው አማካይ ርቀት በ40 ኪሎ ሜትር ያህል ቢበልጥ እንኳ የዙር ጊዜውን በ22 ሰከንድ ያሳድገዋል። አንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላ ማጠጋጋት በዓመት ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆኖ የሚመጣው እንዲህ ነው።

በዚህ ረገድ አንድ ነገር በትክክል ሠርተዋል፤ የስበት ቋሚውንና መጠነ ቁሱን ለየብቻ ከማባዛት ይልቅ የተባዛውን ቁጥር ወስደዋል። የስበት ቋሚው በቤተ ሙከራ የሚታወቀው ከሚሊዮን 22 እጅ ያህል በሚደርስ እርግጠኛ አለመሆን ነው፤ የሁለቱ ብዜት ግን በጁፒተር አጠገብ ካለፉ መንኮራኩሮች አካሄድ በቀጥታ ስለሚለካ እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከርቀቱ ቁጥር አያድንዎትም። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች አሠራር ከእርስዎ ተቃራኒ ነው፤ የማዕዘን ፍጥነቱን ከምልከታ ይወስዳሉ፣ ርቀቱን ደግሞ ከእሱ ያወጣሉ። ምክንያቱም ርቀት በቴሌስኮፕ የሚለካው በአንድ ምሽት ሲሆን ጊዜ ግን ከጋሊሌዎ እ.ኤ.አ. የ1610 ምልከታ ጀምሮ በአራት መቶ ዓመታት ውስጥ በተቆጠሩ በአስር ሺዎች በሚቆጠሩ ዙሮች ይለካል። የዙሮቹ ብዛት ትንሿን ስሕተት እያካፈለ ያጠፋታል። አማካይ የማዕዘን ፍጥነታቸው በቀን በዲግሪ ሲሰላ ለኢዮ 203.48895፣ ለዩሮፓ 101.37472፣ ለጋኒሜድ 50.31761፣ ለካሊስቶ 21.57107 ነው። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ይውሰዱ፤ ከኬፕለር ሕግ አያስሏቸው።

ሁለተኛው ስሕተት ማዕዘኑ ከምን ተነሥቶ እንደሚቆጠር አለመወሰኑ ነው። ከላይ የሰጠኋቸው ፍጥነቶች በቋሚዎቹ ከዋክብት አንጻር የተለኩ ናቸው። እርስዎ ግን በመነጽሩ ውስጥ የሚያዩት ጨረቃዋ ከእርስዎ ወደ ጁፒተር ከሚሄደው መስመር በስተግራ ወይም በስተቀኝ ስንት እንደራቀች ነው፣ ይህ መስመር ደግሞ ከቦታው ይንቀሳቀሳል። በኅዳር 28 እና በጥር 2 መካከል ጁፒተር በሰማዩ ላይ 34 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ተጉዟል። ጨረቃዋ ከዋክብትን ተመልክታ ሙሉ ዙር ስትጨርስ መስመሩ ቀደም ብሎ ስለሄደ ገና አልደረሰችበትም፤ ፕሮግራምዎ ግን ደርሳለች ብሎ ይቆጥራል። ስለዚህ አራቱንም እኩል 34 ዲግሪ ወደ ፊት ገፋቸው።

አሁን የሁለቱን ስሕተቶች ድምር ይመልከቱ። ኢዮ 34 ወደ ፊት፣ 37 ወደ ኋላ፤ የሚቀረው 3 ዲግሪ ነው፣ ይህም በመነጽር ውስጥ ቢበዛ የጁፒተርን ራዲየስ ሲሶ ስለማይሞላ ዓይን አይለየውም። በዩሮፓ ላይ የዙር ጊዜው ስሕተት 77 ሰከንድ ቢሆንም ዙሯ ረጅም ስለሆነ በ399 ቀን የሚያስቀራት 10 ዲግሪ ብቻ ነው፤ 34 ሲቀነስ 10 እርስዎ ያዩት 24 ነው። ጋኒሜድን የሚያስቀራት ከ2 ዲግሪ በታች፣ ካሊስቶን ደግሞ ከ1 ዲግሪ በታች ስለሆነ 32 እና 33 ይቀራል። ቁጥሮቹ በሙሉ ተቆጠሩ፤ ለእርስ በርስ መሳሳብ የተረፈ ነገር የለም። ምልከታዎን በዲግሪ መዝግበው ስለላኩ ላመሰግንዎ ይገባል፤ «አልገጠመም» ብለው ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ይህን ማውጣት አይቻልም ነበር።

መስመሩን በሚገባ ለመያዝ ሁለት እርምጃ ያስፈልጋል። አንደኛው ጁፒተር ፀሐይን በሚዞርበት አማካይ ፍጥነት፣ ማለትም በቀን 0.08309 ዲግሪ፣ የጨረቃዎቹን ፍጥነት መቀነስ ነው። በዚህ ጊዜ ፍጥነታቸው በቅደም ተከተል 203.4058646፣ 101.2916335፣ 50.2345180 እና 21.4879800 ይሆናል። መነሻ ማዕዘኖቻቸው፣ ጨረቃዋ በእኛና በጁፒተር መካከል ስትሆን ዜሮ ተብሎ ሲቆጠር፣ በታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. ከቀኑ 9 ሰዓት 163.8069፣ 358.4140፣ 5.7176 እና 224.8092 ዲግሪ ናቸው። ሁለተኛው እርምጃ ከአማካዩ ያለውን ልዩነት ማስተካከል ነው። የጁፒተር ምሕዋር ራሱ ሞላላ ስለሆነ እውነተኛ ቦታው ከአማካዩ እስከ 5.6 ዲግሪ ድረስ ይቀድማል ወይም ይዘገያል፤ ይህን ለማግኘት ከመነሻው ጀምሮ ያለፉትን ቀናት በ0.0830853 አባዝተው 20.02 ይጨምሩበት፣ የዚህን ማዕዘን ሳይን በ5.555፣ የእጥፉን ሳይን ደግሞ በ0.168 አባዝተው ይደምሩ፤ ውጤቱን ከጨረቃው ማዕዘን ይቀንሱ። እኛ ያለነውም ፀሐይ ላይ ሳይሆን ምድር ላይ ነው። ከጁፒተር ሆኖ ሲታይ በፀሐይና በምድር መካከል ያለው ማዕዘን እስከ 11 ዲግሪ እና ከዚያም ትንሽ በላይ ይደርሳል። የዚህ ማዕዘን ሳይን የሚገኘው የምድርን ከፀሐይ ርቀት ለምድርና ለጁፒተር ርቀት አካፍሎ፣ ከፀሐይ ሲታይ ምድርና ጁፒተር በሚፈጥሩት ማዕዘን ሳይን በማባዛት ነው። ጁፒተር ከትይዩነት ካለፈ በኋላ ይህ ማዕዘን በጨረቃው ማዕዘን ላይ ይደመራል፣ ከትይዩነት በፊት ይቀነሳል። ሁለቱ ምልከታዎችዎ በትይዩነት ምሽት ስለተደረጉ ይህኛው ስሕተት አልታየዎትም፤ በሚያዝያ ቢያነጻጽሩ ኖሮ ኢዮም ራሷ ትሸሽዎት ነበር።

የብርሃን መዘግየትም አለ። ጁፒተር ሲቀርበን ብርሃኑ ወደ እኛ ለመድረስ 35 ደቂቃ ያህል፣ ሲርቀን ደግሞ ከ50 ደቂቃ በላይ ይፈጅበታል። ዴንማርካዊው ኦሌ ሮመር እ.ኤ.አ. በ1676 በፓሪስ የኢዮን ግርዶሾች ሲከታተል፣ ምድር ከጁፒተር ስትርቅ ግርዶሾቹ ከተሰላው ሰዓት እየዘገዩ እንደሚመጡ አይቶ ብርሃን ጊዜ ይፈጃል ብሎ የደመደመው በዚህ ምክንያት ነው፤ የኅዳሩ ግርዶሽ በ10 ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይም አስቀድሞ ተናግሯል። በፕሮግራምዎ ውስጥ ማስተካከያው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ የጁፒተርን ከምድር ርቀት በምድርና በፀሐይ ርቀት ልክ አስልተው ለ173 ያካፍሉ፣ የሚመጣውን የቀን ክፍልፋይ ከጊዜው ላይ ቀንሰው የጨረቃዎቹን ማዕዘን ያስሉ። በ17 ደቂቃ ልዩነት ኢዮ ከ2 ዲግሪ በላይ ትጓዛለች።

እስካሁን ያለውን ካስተካከሉ ስሕተትዎ ወደ 1 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የጠየቁኝ የእርስ በርስ መሳሳብ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጉዳዩም ከሁሉ ይልቅ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። ኢዮ ሁለት ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ አንድ ጊዜ፣ ዩሮፓ ሁለት ጊዜ ስትዞር ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ለመዞር ትንሽ ብቻ ይቀራቸዋል። በዚህ ሬዞናንስ ምክንያት ጎረቤታሞቹ ጨረቃዎች የሚገናኙት ሁልጊዜ በተመሳሳይ የምሕዋራቸው ክፍል አካባቢ ስለሆነ ስበታቸው አንዱ ሌላውን እያጠፋ አይሄድም፤ ይጠራቀማል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ላፕላስ እንዳሳየው የኢዮ ፍጥነት፣ ሲቀነስ የዩሮፓ ሦስት እጥፍ፣ ሲደመር የጋኒሜድ ሁለት እጥፍ ዜሮ ይሆናል። ከላይ በሰጠሁዎት ቁጥሮች ይሞክሩት፤ 203.48895 ሲቀነስ 304.12416 ሲደመር 100.63522፣ የሚቀረው ከአንድ መቶ ሺህኛ የሚበልጥ አይደለም። የሦስቱ ማዕዘኖች ተመሳሳይ ድምርም ሁልጊዜ 180 ዲግሪ ላይ ይቆያል፤ በዚህ ምክንያት ሦስቱ በአንድ ጊዜ በጁፒተር አንድ ወገን ሊሰለፉ አይችሉም።

ይህ ለፕሮግራምዎ የሚሰጠው ትምህርት ከሠንጠረዥ ስለሚወሰደው የሞላላነት ቁጥር ነው። በሠንጠረዥ የኢዮ ሞላላነት 0.004፣ የዩሮፓ 0.009 ተብሎ ይገኛል። ብዙ ሰው ይህን ወስዶ የኬፕለርን እኩልታ፣ ማለትም በሞላላ ምሕዋር የሚዞርን አካል ቦታ ከጊዜው ለማውጣት የሚያገለግለውን ቀመር፣ በተደጋጋሚ ግምት ይፈታና ጨረቃዋ ለጁፒተር የምትቀርብበትን አቅጣጫ እንዳለ ይተወዋል። ይህ የጨረቃዎቹን ምሕዋር ክብ ነው ብሎ ከመተው የከፋ ውጤት ሊሰጥ ይችላል፤ ምክንያቱም የኢዮና የዩሮፓ ሞላላነት በአብዛኛው የራሳቸው ሳይሆን ጎረቤቶቻቸው የሚያስገድዷቸው ነው፣ የሚቀርቡበት አቅጣጫም ከጎረቤቶቹ ጋር አብሮ ይዞራል። ትክክለኛው ማስተካከያ የሚጻፈው በማዕዘኖቹ ልዩነት ነው። ከኢዮ ማዕዘን ላይ የዩሮፓን ቀንሰው እጥፉን ይውሰዱ፣ ሳይኑን በ0.473 ዲግሪ አባዝተው ወደ ኢዮ ማዕዘን ይጨምሩ። ከዩሮፓ ማዕዘን ላይ የጋኒሜድን ቀንሰው እንዲሁ ያድርጉ፤ ማባዣው 1.065 ዲግሪ ነው። ጋኒሜድና ካሊስቶ ግን በዋናነት የራሳቸው ሞላላነት ስላላቸው የኬፕለርን መንገድ ይከተላሉ፤ ለጋኒሜድ 0.165፣ ለካሊስቶ 0.843 ዲግሪ የሚባዙባቸው ማዕዘኖች በመነሻው ቀን 331.18 እና 87.45 ሆነው በቀን በ50.310482 እና በ21.569231 ዲግሪ ያድጋሉ። የኢዮ 0.473 ዲግሪ ትንሽ ቢመስልም፣ በየዙሩ ሆዷን እያፍተለተለ የሚያሞቃት ይኸው የተገደደ ሞላላነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1979 ቮዬጀር አንድ የተባለችው መንኮራኩር ያሳየቻቸው እሳተ ገሞራዎች የዚህ ውጤት ናቸው።

የኬፕለርን እኩልታ በተደጋጋሚ ግምት መፍታት ዋጋ የሚኖረው እንደ ኔፕቱን ጨረቃ እንደ ኔሬድ ባለች ላይ ነው፤ የእሷ ሞላላነት 0.75 ያህል ነው።

ስለ ጊዜ አቆጣጠር አንድ ምዕራፍ ያህል መጻፍ ይቻል ነበር፤ ዋናውን ብቻ ላስቀምጥ። የሥነ ፈለክ ስሌት የሚሠራው በተከታታይ በሚቆጠር የጁሊያን ቀን ሲሆን በእኛ ዘመን አቆጣጠር ይህን ማግኘት ከፈረንጆቹ ይልቅ ቀላል ነው፤ ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ የወር ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ከዓመተ ምሕረቱ 1 ቀንሰው በ365 ያባዙ፤ ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍለው ቀሪውን በመተው ሙሉ ቁጥሩን ይደምሩ፤ ከወሩ ተራ ቁጥር 1 ቀንሰው በ30 አባዝተው ይደምሩ፤ ቀኑን ይደምሩ፤ በመጨረሻ 1,724,220 ይጨምሩ። የጁሊያን ቀን የሚጀምረው በግሪንዊች እኩለ ቀን ነው፤ ይህም በኢትዮጵያ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ ለ24 አካፍለው ይጨምሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሆነ ስድስት ሰዓት አልፏል፣ ማለት 0.25 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚደረግ ምልከታ ቀኑን ሳይቀይሩ ከዋዜማው 9 ሰዓት መቁጠርዎን ይቀጥሉ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት 0.5 ይሆናል። በፕሮግራምዎ ውስጥ ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑን በእኛ ካደባለቁ የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል፣ ኢዮም በ51 ዲግሪ ትስታለች። በሰዓታችንና ቀመሮቹ በሚጠቀሙበት ወጥ ጊዜ መካከል ያለው የ69 ሰከንድ ልዩነት ለኢዮ 0.16 ዲግሪ ስለሆነ በመጨረሻ ሊጨምሩት ይችላሉ።

ፕሮግራምዎን የሚፈትኑበት አንድ ምሽት ልስጥዎ። የ2018 ዓ.ም. ጥምቀት፣ ጥር 11፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት። የጁሊያን ቀኑ 2,461,060.25 ነው፤ ከመነሻው 2,451,545 ሲቀነስ 9,515.25 ቀን ይሆናል። ጁፒተር ከትይዩነት ካለፈ 9 ቀን ስለሆነው ከምድር ያለው ርቀት የምድርና የፀሐይን ርቀት 4.25 እጥፍ፣ የብርሃኑ መዘግየት 35 ደቂቃ፣ የሞላላነቱ ማስተካከያ 5.55 ዲግሪ፣ ከፀሐይ ወደ ምድር ለመዞር የሚደመረው ማዕዘን 2.03 ዲግሪ ነው። የ69 ሰከንዱ ልዩነት ተጨምሮ፣ ከሬዞናንሱ ማስተካከያ በፊት ኢዮ 253.1፣ ዩሮፓ 87.7፣ ጋኒሜድ 275.0፣ ካሊስቶ 204.3 ዲግሪ ላይ ትሆናለች። እዚህ ላይ ቆም ብለው የላፕላስን ድምር ይፈትሹ፤ 253.1 ሲቀነስ 263.1 ሲደመር 550.0፣ 540 ይሆናል፣ አንድ ሙሉ ዙር ሲወጣለት 180። ፕሮግራምዎ በየትኛውም ቀን ይህን ካልሰጠ ከመነሻ ማዕዘኖቹ ወይም ከፍጥነቶቹ አንዱ ተሳስቶ ተጽፏል ማለት ነው። ከማስተካከያው በኋላ ማዕዘኖቹ 252.9፣ 87.4፣ 274.8 እና 205.0 ይሆናሉ። የእያንዳንዱን ሳይን በጨረቃዋ ርቀት፣ ማለትም በ5.9፣ በ9.4፣ በ15.0 እና በ26.4 የጁፒተር ራዲየስ ሲያባዙ ኢዮ 5.6 ራዲየስ በምሥራቅ፣ ዩሮፓ 9.4 በምዕራብ፣ ጋኒሜድ 14.9 በምሥራቅ፣ ካሊስቶ 11.2 በምሥራቅ ትገኛለች። ሳይኑ ፖዘቲቭ ሲሆን ምዕራብ ነው። ቴሌስኮፕዎ ምስሉን የሚገለብጥ ከሆነ መከታተያ ሞተሩን አጥፍተው ይመልከቱ፤ ጁፒተር ከመነጽሩ የሚወጣበት ወገን ምዕራብ ነው።

የኒውተንን ሕግ ደረጃ በደረጃ የማስላቱን ሐሳብ ለመማር ከሆነ አልቃወመውም። የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ሆራይዘንስ ከሚባለው ነጻ አገልግሎቱ የአራቱን ጨረቃዎች መነሻ ቦታና ፍጥነት ማግኘት ይችላሉ። ነገር ግን የጁፒተርን ጠፍጣፋነት ካላስገቡ ከላይ ያየነው 48 ሰከንድ ተመልሶ ይመጣል፤ የጊዜውን እርምጃ ካረዘሙ ደግሞ ስሌቱ ራሱ ጨረቃዋን ቀስ በቀስ ያሸሻታል። ቦታንና ፍጥነትን እያፈራረቀ የሚያራምደው ዘዴ ጉልበት ባያባክንም ማዕዘኑን ያሳስታል፤ እርምጃው በ20 እጅ ሲያጥር ስሕተቱ በ400 እጅ ስለሚያንስ ለኢዮ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ እርምጃ እመክራለሁ። ይህን ሁሉ አድርገውም መስመሩ፣ ብርሃኑና ሰዓቱ ካልተስተካከሉ መነጽርዎ ውስጥ የሚያዩት አይገጥምም።

መፈተኛዎን ግን እንዲለውጡ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ጨረቃዋ ከጁፒተር ስንት ራዲየስ እንደራቀች በዓይን ሲገመት የራዲየስ አንድ አምስተኛ ያህል መሳሳት የተለመደ ነው፤ ይህም ለኢዮ 2 ዲግሪ ነው። በዚህ መለኪያ 0.473 ዲግሪን ማየት አይቻልም። የግርዶሽ ሰዓት ግን በእጅጉ ይበልጣል። ከትይዩነት በኋላ ባሉት ወራት የጁፒተር ጥላ በምሥራቅ በኩል ብቅ ስለሚል ኢዮ ከጥላው ስትወጣ ይታያል። በመጀመሪያ ከጥቁሩ ሰማይ ውስጥ፣ ከጁፒተር ጠርዝ ራቅ ብሎ፣ አለች ወይስ የለችም የምታሰኝ ነጥብ ትመጣለች፤ ከዚያ ሳትንቀሳቀስ በቦታዋ እየፈካች በሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሙሉ ብርሃኗን ታገኛለች። 3,643 ኪሎ ሜትር ስፋት ያላት አካል በሰከንድ 17.3 ኪሎ ሜትር እየተጓዘች ከጥላው ጠርዝ የምትወጣበት ጊዜ ነው። የመጀመሪያዋን ብልጭታ ሰዓት በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ከመዘገቡ የኢዮን ማዕዘን ከ0.1 ዲግሪ ባነሰ ስሕተት ለክተዋል። ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ የቦታውን ኬንትሮስ ለማወቅ የተጠቀመው የዚህችኑ ጨረቃ ምልከታ ነበር።

ይህን ሰዓት በፕሮግራምዎ ለማስላት አዲስ ቀመር አያስፈልግም። ጥላው የሚዘረጋው ከፀሐይ በተቃራኒ ስለሆነ ወደ ምድር ለመዞር የጨመሩትን ማዕዘን ብቻ ያውጡት። የቀረው ማዕዘን 180 ሲሆን ኢዮ በጥላው መካከል ናት፤ ወደ ጥላው የምትገባው ከዚያ 10 ዲግሪ ያህል ቀደም ብላ፣ የምትወጣውም 10 ዲግሪ ያህል ካለፈች በኋላ ነው፣ ጠቅላላ ቆይታዋም ከ2 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ለካሊስቶ ይህን አይሞክሩ፤ የጁፒተር ወገብ 3 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ስለሆነና እሷ ሩቅ ስለሆነች በብዙ ዙሮች ጥላውን ሳትነካ ከላዩ ወይም ከታቹ ታልፋለች። ከኢዮ ይጀምሩ፣ ቢያንስ አሥር ግርዶሾችን በሁለት ወር ውስጥ ይመዝግቡ፣ የተሰላውንና የታየውን ሰዓት ልዩነት በደቂቃ ጎን ለጎን ይጻፉ። ልዩነቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ መነሻ ማዕዘንዎን፣ ከሳምንት ወደ ሳምንት እያደገ ከሄደ ፍጥነቱን ወይም የጁፒተርን ማስተካከያ ይመርምሩ። ዝርዝሩን ከላኩልኝ የቀረውን አብረን እናየዋለን።